እናቴን የተሻማችኝ ተከራይ

የትርንጎን ሞት የሰማሁት ከእናቴ ጩኸት ነው። ወንድሟ ከመካነ ብርሃን የደወለው ለእናቴ እንጂ ለእኔ አልነበረም። ለእኔ ለምን ብሎ ይደውላል? ምኗ ነኝ? ቅዳሜ ስለነበር ከአዘዞ መጥቼ የእናቴን ነጠላዎች እያጠብኩ ነበር። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ግቢው መሀል ዘፍ ብላ ተቀመጠችና «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። የቁስቋም ጎረቤት እኔ የሞትኩ መስሎት ግር ብሎ ገባ። እኔ ደግሞ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ሆኖ በሕይወት ቆሜያለሁ። አንዷ ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እንዴ! ይኸው አለሽ አይደል? ታዲያ የቷ ልጇ ናት የሞተችው?» አለችኝ።

የቷ ልጇ! ሌላ ልጅ የላትም እኮ። የወይዘሮ ውባለም አንድ ልጇ እኔ ስመኝ ነኝ። የሞተችው ተከራይዋ ናት።

ቀናሁ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል ልናገረው፤ በሞተ ሰው ቀናሁ። እናቴን ደግፌ ወደ ቤት ሳስገባት እንባዋ ትከሻዬን ያርሰዋል፤ እኔ በሆዴ «እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን?» እላለሁ። ጎረቤት አግዳሚ አምጥቶ ደረደረ፤ ለቅሶ ደራሹ እየገባ እናቴን «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፣ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እህትሽን ነፍስ ይማር» ይለኛል። አሜን አልኩ እንጂ ምን እላለሁ? እህት የለኝም ብዬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ልከራከር?

ትርንጎ መምህርት ነበረች፤ ከቁስቋም ቁልቁል ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት። ወደ እናቴ ግቢ የመጣችው የኮሮናው የመጀመሪያ ድንጋጤ አልፎ ሰው ማስኩን ኪሱ ውስጥ መክተት በጀመረበት ሰሞን ነው። እናቴ እኔ ያደግኩባትን ክፍል አከራየቻት። ባዶ ከሚቀመጥ ብላ ነው፤ ልክ ናት፤ እኔ አግብቼ ልጆች ወልጄ አዘዞ ነው የምኖረው። ቢሆንም አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

መጀመሪያ ያየኋት ቀን በራፉ ላይ ቆማ ጥርሷን እያሳየች «ምነው እታለም፣ ጠፋሽ?» አለችኝ። አስቡት! አይታኝ አታውቅም፣ ከመጣች ወር አልሞላትም፣ ጠፋሽ ትለኛለች። በገዛ እናቴ ቤት እንግዳ አደረገችኝ። እናቴን ደግሞ «እምዬ» ነበር የምትላት፤ እናቴም ተጠርታ ስትነሳ ጉልበቷን የሚያማት ሰው አትመስልም ነበር። እኔ ስጠራት «አቤት፣ ምን ፈለግሽ?» ነው የምትለው።

ሁሉ ነገር ለትርንጎ «ሸጋ» ነው። ሽሮው ሸጋ፣ ዝናቡ ሸጋ፣ ክፍሏ ውስጥ ያለው የሚያፈሰው ጣሪያ እንኳ «ሸጋ ነው፣ ኮከብ ያሳያል» ትላለች። ስትስቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ነው የምትስቀው። እኔ ሳየው የኩራት ሳቅ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስትወጣ ደግሞ በአንዴ አትወጣውም። ትንሽ ሄዳ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና «ቆይ እስቲ፣ አገሩን ልይበት» ትላለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያገኛታል፤ «እንዴት ዋልሽ መምህርት፣ ልጄ አጠናች ወይ፣ ልጄ ባለጌ ሆነብሽ ወይ።» እዚያ ዳገት ላይ ጉልበቴን እየላጥኩ ያደግኩት እኔ፣ ስሟን ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሷ። አብሬያት ስወጣ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ይቺ ሴትዮ ካልታየች አይሆንላትም፣ እላለሁ በሆዴ።

እናቴና እኔ ግን በኮሮናው ተጎዳድተናል፤ እሱን ሳልናገር የትርንጎ ነገር አይገባችሁም። እናቴ አስም አለባት። እኔ ነርስ ነኝ። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ኦክስጅን ከአልጋ አልጋ እያዞርን ስንሠራ ከርመን፣ ቅዳሜ ስትመጣ ማስኬን ደራርቤ የእናቴ በራፍ ላይ እቆምና እጮኻለሁ። «እማዬ፣ ትሞቻለሽ! ሳንባሽ አይችለውም! ማስክ አድርጊ፣ ማኅበሩን ተዪ!» እላለሁ። እሷ ነጠላዋን ታስተካክልና «ሞቴን የሚያውቅ እግዜር ነው። ለእኔ አትስጊ፣ ዕድሜዬን በልቻለሁ» ትለኛለች። አለቀስኩ። ማስክ በካርቶን አመጣሁላት፤ ካርቶኑን የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። የንስሐ አባቷ ቄስ አዳነ ዘንድ የሥራ መታወቂያዬን አንጠልጥዬ ሄጄ፣ የማርያም ማኅበሩን ጽዋ ለጊዜው እንዲያስቆሙልኝ ለመንኳቸው። ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚዞረው፤ አንድ ሰው ከያዘው ማኅበርተኛው በሙሉ ይይዘዋል። «ልጄ፣ ጽዋ በሐኪም ትእዛዝ አይቆምም» ብለው መለሱኝ። እናቴ ያን ዓመት የተረፈችው በእኔ ምክር አይደለም፤ በማርያም ቸርነት ነው።

እንግዲህ ኦሚክሮን የሚሉት የኮሮና ዝርያ መጣ። ሆስፒታላችን ውስጥ ግማሹ ሠራተኛ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ጉሮሮው ተከረከረ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። ሻይ ስንጠጣ ክርክሩ ደራ፤ አንዱ ሐኪም «ይኼ እንኳን ጉንፋን ነው፣ እንተወው» ሲል፣ ሌላው «ቀለለ ብላችሁ ስትዘናጉ ነው የሚይዛችሁ» ይላል። እኔ ከተዉት ወገን ነበርኩ። ደክሞኝ ነበራ! ሰውም ደክሞት ነበር። ጦርነቱ አለ፣ ኑሮው አለ፣ የቱን ይፍራ?

እሑድ ከሰዓት እናቴ ግቢ ውስጥ ይህንኑ ሳወራ ትርንጎ ልቃቂት ይዛ ትሰማኛለች።

«አሁን የመጣው ጉንፋን ነው» አልኳት። «ኦክስጅን ያጣንበት ክፍል ዛሬ የአሮጌ አልጋ መጋዘን ሆኗል። ሰውን ዕድሜ ልክ ማስፈራራት አይቻልም። ዛሬ ለጉንፋኑ ከጮህን፣ ነገ ክፉው ሲመጣ ማን ይሰማናል?»

«ልክ ነሽ እታለም» አለች። መጀመሪያ ልክ ነሽ ትላለች፤ እሱ ነው የሚያበግነኝ። «ሸጋ ብለሻል። ግን ቀለለ የምትሉት ለማን ነው?»

«ለሰው ነዋ!»

«ለየትኛው ሰው? እኛ አገር አንድ ቁና ገብስ ለበቅሎ ምኗም አይደል፤ እየዘፈንን ነው የምንነዳት። ያንኑ ቁና ለውርንጭላ ብትጭኝው ወገቡ ይቀነጠሳል። ገብሱ ያው ገብስ ነው።»

«ውርንጭላ መች ይጫናል?»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩ?» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እናቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ አጨበጨበች። ለማን ነው እሰይ ያለችው? ለእኔ እንዳይመስላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዳገቱ ላይ አገኘኋት። ማስክ አድርጋለች። አፍና አፍንጫዋን ግጥም አድርጋ፣ ሽቦውን አፍንጫዋ ላይ ቆንጠጥ አድርጋ፣ ልክ ለሰው ሳስተምር እንደማሳየው። ሰው በየቀኑ ሲሞት እንባዬን አፍስሼ እምቢ ያለችኝ ሴት፣ በሽታው ቀለለ በተባለበት፣ እኔ ራሴ አውልቄ በተውኩበት ጊዜ!

«ማን አስደረገሽ?» አልኳት።

«ትርንጎ» አለችኝ። ‹ቄሱ› የምትል ነበር የምትመስለው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አውቃለሁ። አስም ያለባት እናቴ ተጠነቀቀች፤ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ግን ደስ አላለኝም።

በዚህ ሳይበቃ የማኅበሩ ተራ እናቴ ዘንድ ደረሰ። ወር በገባ በሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ ሲመጡ እኔም ለማስተናገድ ፈቃድ ወስጄ መጥቻለሁ። ምን ብመለከት ጥሩ ነው? አግዳሚው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተራርቆ ተደርድሯል። እያንዳንዷ ሴት ከቦርሳዋ የየራሷን ዋንጫ ታወጣለች። ቄስ አዳነ ዳቦውን ባረኩ፣ ጽዋውን አነሱ፣ ለእያንዳንዷ በየዋንጫዋ ጠብ ጠብ አደረጉላት።

«አባ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «ያኔ ብለምንዎ በሐኪም ትእዛዝ አይሆንም አላሉኝም?»

«አልቆመማ ልጄ» አሉኝ። «ያኔ አንቺ አቁሙት አልሽን። ውባለም ግን ‹አባ፣ ሳይቆም የሚጠጣበትን መንገድ ይፈልጉልኝ› አለችኝ። ጽዋው አንድ ነው፤ መቅጃው ቢበዛ እሱ አይበዛም።»

ውባለምን ማን እንዳስተማራት ማወቅ አያስቸግርም። ትርንጎ ከአጥሩ ሥር ቆማ ጠላ ትቀዳ ነበር። ሴቶቹ «ይቺ ልጅሽ እንዴት ያለች ብልህ ናት» እያሉ እናቴን ያመሰግናሉ። እኔ በዚያን ቀን የዳቦ ቅርጫት ተሸክሜ ስዞር፣ ቅርጫቱን ጣዪ ጣዪ ይለኝ ነበር።

ከዚያ እኔን ራሴን ያዘኝ። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ጉሮሮዬ ተከረከረ፤ ጉንፋን ነው አልኩና እንደ ልማዴ ቅዳሜ መጣሁ። በራፉን ከፍቼ እንደገባሁ አነጠስኩ። ትርንጎ ከክፍሏ ብቅ አለች።

«እታለም፣ እባክሽ እዚያው ቆሚልኝ» አለችኝ፤ እሷም ወዲያው ወደ ኋላዋ ፈቀቅ አለች።

እናቴ በመስኮት ማስኳን አድርጋ ታየችኝ። «ስመኝዬ፣ እስኪለቅሽ ውጪ ተቀመጪ። ትርንጎ እንዲያ ይሻላል ትላለች።»

ትርንጎ ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ ባለበት፣ ዱካ አስቀመጠችልኝ። ቅንጬ በሳህን አምጥታ ድንጋይ ላይ አኖረችና ርቃ፣ ከግቢው ዳር፣ ተቀመጠች። የተወለድኩበት ግቢ ውስጥ እንደ ለማኝ ተሰፈረልኝ።

«ይኼ የእናቴ ቤት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ የተከራየሽውን ክፍል ጠብቂ! ከእናቴ ደጅ የምታቆሚኝ አንቺ ማን ነሽ?»

«ሸጋ ተሳደብሽ» አለች። «አሁን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

አልበላሁም። ቦርሳዬን ይዤ ዳገቱን እየተንደረደርኩ ወረድኩ። ስመረመር ኮሮና ነው ተባልኩ፤ በጥቂት ቀን ለቀቀኝ። ለትርንጎ ደወልኩላት። «ይኸው! ኮሮና ነበር፣ ዳንኩ! ቀላል ነው አላልኩሽም?» አልኳት። «እግዜር ይመስገን እታለም፣ አንቺን ቀለለሽ» አለችኝ። አንቺን! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

እንዲህ እየተጣላን ዓመታት ኖርን። ስማቸው ፊደልና ቁጥር የሆነ፣ አንዱ ከአንዱ የቀለሉ ናቸው የተባሉ ዝርያዎች መጡ፣ ሄዱ፤ ከተማው ኮሮናን ከናካቴው ረሳው። ሁለቱ ብቻ አልረሱትም። ትርንጎ የአንደኛ ክፍል ልጆቿን በራፍና መስኮት ከፍታ ታስተምራለች፤ እናቴ ሰው ያለበት ስትሄድ ማስኳን ታደርጋለች። ጎረቤት ሲቀልድባት «ተዉኝ እስቲ፣ የፊት ነጠላዬ ነው» ትላለች። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «ቅመም ልንገዛ» ይሉኛል፤ ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነው። እኔን ሊያስገቡ ያልፈለጉበት ምን ጨዋታ ቢኖራቸው ነው እላለሁ።

በዚህ ክረምት ትርንጎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ወንድሟ እንደነገረን ቤተሰቡን ጉንፋን መሳይ ገባበት። አባትየው ሳለ፣ እናትየው አነጠሰች፣ ልጆቹ አንድ ሌሊት አተኮሳቸው፤ ሁሉም ድነው ወደ አረማቸው ተመለሱ። እሷ ላይ ብቻ ከረመ። ከዚያ ትንፋሽ አጠራት፣ እግሯ አበጠ፣ መኪና ተፈልጎ ወደ ሕክምና ሲያመጧት መንገድ ላይ አለፈች። ኮሮና ይሁን ሌላ ጉንፋን ማንም አልመረመረም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀብሯ እዚያው መካነ ብርሃን ሆነ፤ ለቅሶው ግን እናቴ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሣልስቱ ከሰዓት አግዳሚው ተመልሶ እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። የትርንጎን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትዳብሰዋለች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ምን ሰጥታሽ ነው?» አልኳት። «እኔ ያልሰጠሁሽን ምን ሰጥታሽ ነው እንዲህ የሆንሽላት? ያኔ ስትሞቺብኝ እያየሁ ስለምንሽ እምቢ ብለሽ፣ ለእሷ እንዴት እሺ አልሽ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «የልብ በሽተኛ ነበረች» አለችኝ። «በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ሳትታከም ቀርታ፣ ወደ ልቧ ወረደ አሉ። በየወሩ እኔ ነበርኩ ይዣት ሄጄ መርፌ የማስወጋት።»

ነርስ ነኝ ባይ! እግዜር ያሳያችሁ። ዳገቱ ላይ አገር ልይ እያለች የምትቀመጠው፣ ስትስቅ ደረቷን የምትይዘው፣ የወር ጉዟቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ይህን በሽታ በቃሌ ነበር የምወጣው። ስንቱን በሽተኛ ከአረማመዱ የለየሁ ሰው ትርንጎ አጠገብ ስቆም የሚታየኝ የእናቴ ፊት ብቻ ነበር።

«ለእኔ ሳትነግሪኝ? ሙያዬ ሆኖ?»

«አስምላኝ ነዋ። ‹እታለም ካወቀች ታዝንልኝና መጣላት ትተወኛለች። እሷ ስትጣላኝ ነው በሽተኛ አለመሆኔ ትዝ የሚለኝ› ትለኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ለትርንጎ አለቀስኩላት፣ ገና ያን ጊዜ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያ አንቺ ጉንፋን ነው ያልሽው የመጣ ሰሞን ነው» አለች፣ «‹እምዬ፣ ለራስሽ እንደማትፈሪ አውቃለሁ። ነገር ግን ከማኅበር ይዘሽው ብትመጪ እኔ አልችለውም። ስለ እኔ ብለሽ አድርጊልኝ› አለችኝ። ምን ልበላት ታዲያ? የሰው ልጅ ቤቴ አስገብቼ ልግደል?»

«እኔም እኮ ስለ አንቺ ነበር የምለው!»

«ስለ እኔማ አልሽ። ስለ ራስሽ አላልሽም። ‹ትሞቻለሽ› አልሽኝ እንጂ ‹ብትሞቺ እኔ ምን እሆናለሁ› መች አልሽኝ?» ነጠላውን ማጠፍ ጀመረች። «ስመኝ፣ አንቺ መድኃኒት ታመጫለሽ፣ ታጥቢልኛለሽ፣ ትቆጪኛለሽ። እግዜር ይስጥሽ። ካገባሽ ወዲህ ግን እኔን ፈልገሽኝ ታውቂያለሽ?»

ያመጣሁላትን ሁሉ፣ የሮጥኩላትን ሁሉ ልቆጥርላት ፈለግኩ፤ የመጣልኝ ሁሉ የሰጠኋት ነው። የለመንኳት አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እሷ ነጠላውን አራት አጥፋ ራስጌዋ አስቀመጠችው። አሁንም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ቢሆንም ባሌ ስልክ ደውሎ ‹መቼ ነው የምትመጪው?› ሲለኝ ዘግቼው፣ እሷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ ድምፄ የሕፃን ሆኖብኝ፣ «ዛሬ አንቺ ጋ ልደር?»

«ምነው፣» አለችኝ፣ «ማን ከለከለሽ?»